የውጭ አገር ዜና እንዴት ወደ ሬዲዮናችን ይደርሳል?

ጥቅምት ነው እንበል። በገለጉ ዙሪያ ሰሊጥ ደርሷል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ አይታገሥም፤ ቀኑ ካለፈ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የቀን ሠራተኛው ከደጋ ወርዷል፤ ማጭዱም ተስሏል። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ሬዲዮ ተከፍቶ ሰው ተሰብስቧል። ሬዲዮኑም «የኢትዮጵያና የሱዳን ባለ ሥልጣኖች በድንበር ጉዳይ በግልጽነት ተወያዩ፤ ውይይቱንም ለመቀጠል ተስማሙ» ይልና ወደ ሌላ ዜና ይሻገራል።

ዘግየት ብሎ የመጣ ጎረቤት «ምን አለ ሬዲዮኑ?» ብሎ ይጠይቃል።

አንዱ «ሰላም ሆነ፤ ተስማሙ አለ» ይለዋል። ሌላው «ኧረ አልተስማሙም! ገና እንነጋገራለን ነው ያሉት» ይላል። ከጥግ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ «ለመሆኑ ይህን ያለው ማን ነው? የኛው ናቸው ወይስ የነሱ?» ይላሉ።

ከድንበር ርቆ ለሚኖር ሰው ይህ ዜና ሰምቶ የሚተወው ነው። ድንበር አጠገብ ለሚያርስ ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ነገ ጠዋት ሠራተኞቹን ይዞ ወደ እርሻው ይውረድ ወይስ ይቅር? ለዘርና ለአረም የተበደረው ገንዘብ አለ። የልጆቹ ሕይወትም አለ። ስለዚህ ወሬውን ያመጣው ሰው ማን እንደሆነና እንዴት እንዳመጣው ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው የዚህን ሰው ሥራ ነው። ይህ ሰው የውጭ ጉዳይ ጋዜጠኛ ይባላል።

ዲፕሎማሲ የሚባል ቃል በሬዲዮ ደጋግመን እንሰማለን። ዲፕሎማሲ ማለት መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ንግግርና ድርድር ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች በመሬት ሲጣሉ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። መንገደኛም ቢሆን ቆም ብሎ ይሰማል። የመንግሥታት ሽምግልና ግን በዝግ ቤት ነው። ጋዜጠኛው ከደጅ ይጠብቃል። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት የሚሰጡት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የጋራ መግለጫ ይባላል።

የጋራ መግለጫ ቋንቋው ለብቻው ነው። «በወዳጅነት መንፈስ ተወያዩ» ሲል ብዙ ጊዜ አዲስ ነገር የለም ማለት ነው። «በግልጽነት ተወያዩ» ሲል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተከራከሩ፣ ድምፅም ከፍ አለ ማለት ነው። አንድ መንግሥት «ጉዳዩ አሳስቦኛል» ሲል ቅሬታውን ገና መጀመሩ ነው። «አጥብቄ እቃወማለሁ» ሲል ነገሩ ከሯል። «አምባሳደሬን ለምክክር ጠርቻለሁ» ካለ ደግሞ ጎረቤት ሰላምታ እንደ ነሣ ይቆጠራል። አምባሳደር ማለት በሌላ አገር ተቀምጦ መንግሥቱን የሚወክል መልእክተኛ ነው። እሱ ወደ አገሩ ሲጠራ ሰው ጦር ሊነሣ ነው ብሎ ይደነግጣል። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም፤ ተጠርቶ ሄዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተመለሰ አምባሳደር ብዙ ነው። ይህን የቃል ደረጃ ለይቶ የማያውቅ ጋዜጠኛ ትንሹን ትልቅ፣ ትልቁንም ትንሽ አድርጎ ያወራል። ሰሚውን ያሳስታል።

አገራችን በሬዲዮ ወደ ውጭ መናገር የጀመረችው በጭንቅ ጊዜ ነው። በአቃቂ የተሠራው የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ተመረቀ። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ጦር ሊወረን ሲቃረብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጣቢያ ለአሜሪካ ሕዝብ አቤቱታቸውን አሰሙ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ጄኔቭ በሚባል ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ሊናገሩ ሲነሡ ከላይ ከሰገነቱ የተቀመጡ የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው። ጋዜጠኞቹ ከአዳራሹ ተጎትተው ወጡ። የሚገርም ነገር ነው። ሰምቶ እንዲናገር የተላከ ሰው ሌላው እንዳይሰማ ሲያፏጭ ተገኘ!

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ የብዙ መንግሥታት መገናኛ ሆናለች። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የሱዳን መንግሥትና የደቡብ ሱዳን ታጣቂዎች 17 ዓመት ያህል ከተዋጉ በኋላ በየካቲት 1964 ዓ.ም. የታረቁት አዲስ አበባ ላይ ነው። ዕርቁም 11 ዓመት ያህል ቆየ። ስለዚህ በሌላ አገር ያለ ዘጋቢ ባሕር ተሻግሮ የሚፈልገውን ጉባኤ የእኛ አገር ጋዜጠኛ በታክሲ ሄዶ ያገኘዋል። ቅርብ መሆኑ ግን ሥራውን አያቀልለትም። በንጉሡ ዘመንም፣ በደርግ ዘመንም፣ ከዚያም ወዲህ የመንግሥት ሬዲዮ የሚያስቀድመው የመንግሥትን ቃል ነው። የውጭ ጉዳይ ሲሆን ይህ ይብሳል። ባለ ሥልጣኑ «ይህን በል» ይላል፤ ጋዜጠኛውም እንጀራው ነውና ብዙ ጊዜ ይላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ አንድ ነገር እናንሣ።

ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ኤርትራ በድንበር ተዋጉ። ጦርነቱ የተነሣባት ቦታ ባድመ ናት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት አልጀርስ በሚባል ከተማ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ድንበሩንም አምስት ዳኞች ያሉበት ኮሚሽን እንዲወስን ተስማሙ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ዳኞቹ ሄግ ከተማ ላይ ውሳኔያቸውን ሰጡ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አቶ ሥዩም መስፍን ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈረደች ብለው አስታወቁ። ሕዝቡም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይህን ሰማ፤ ደስታውንም ገለጠ። ኤርትራም በበኩሏ አሸነፍኩ አለች። ታዲያ አንዲት መሬት እንዴት ለሁለት ይፈረዳል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳኞቹ ጽሑፍ ረጅም ነው። ድንበሩ የት እንደሚያልፍ የሚናገረው ባድመን በስም ጠርቶ አይደለም። በካርታ ላይ በሚነበቡ ቁጥሮች ነው። እነዚህን ቁጥሮች ካርታ ላይ አስፍሮ መስመር ያሰመረ ሰው ባድመ በኤርትራ በኩል እንደቀረች ያያል። ይህንንም ኮሚሽኑ ራሱ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. አረጋገጠ። ኢትዮጵያ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለችው በ2010 ዓ.ም. ነው። ልጁን ባድመ የቀበረ አባት በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. «ደሙ ከንቱ አልቀረም» ብሎ ተጽናንቶ ከሆነ፣ ዓመት ሳይሞላ ያ መጽናኛ ከእጁ ወጣ ማለት ነው።

በዚያ ቀን አንድ ጋዜጠኛ ምን ማድረግ ይችል ነበር? ሚኒስትሩ ያሉትን መደበቅ የለበትም፤ ሚኒስትር ሲናገር ዜና ነው። ግን «ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈረደች» ማለትና «ባድመ ለኢትዮጵያ ተፈርዳለች ሲሉ ሚኒስትሩ ተናገሩ» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጋዜጠኛው ራሱ የመሰከረው ቃል ነው። ሁለተኛው የሚኒስትሩ ቃል ነው። ልዩነቱ «ተናገሩ» የምትለዋ ቃል ናት። ከዚያ ደግሞ ሌሊቱን ተቀምጦ ውሳኔውን ማንበብና ካርታ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ መጠየቅ ነው። እኛ እንደሚመስለን የዚህ ሙያ ዋናው ድካም እዚህ ላይ ነው፤ አውሮፕላን መሳፈሩና ከመሪ አጠገብ ፎቶግራፍ መነሣቱ አይደለም።

ወደ ራሳችን ድንበር እንመለስ። በገለጉና በመተማ በኩል ስላለው ድንበር የሚያወራ ጋዜጠኛ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ብዙ ነው። ዓፄ ምኒልክና እንግሊዞች የድንበሩን ውል የተፈራረሙት በግንቦት 1894 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ጉዊን የሚባል የእንግሊዝ መኮንን መሬቱ ላይ ምልክት እያደረገ ሄደ። ኢትዮጵያውያን ዘወትር የሚያነሡት ቅሬታ ያን ጊዜ ከጎኑ የኢትዮጵያ ተወካይ አልነበረም የሚል ነው። በሐምሌ 1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ስለዚሁ ድንበር ደብዳቤ ተለዋወጡ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦር የኢትዮጵያ ገበሬዎች ያርሱት ወደነበረው ወደ አልፋሽቃ መሬት ገባ። ኢትዮጵያ ተወረርኩ አለች። ሱዳን የገዛ መሬቴን ያዝኩ አለች። ገበሬውም ከሰሊጡና ከማሽላው ተፈናቀለ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የካርቱምን ሬዲዮ የሰማ አንድ ነገር ይሰማል፤ የአዲስ አበባን የሰማ ሌላ። ውሉን ያላነበበ ጋዜጠኛ ከሁለቱ አንዱን ይዞ ይጮኻል። ያነበበ ግን «ይህ መንግሥት የሚጠቅሰው ይህን ውል ነው፤ ያኛው የሚመልሰው እንዲህ ነው፤ ያላለቀውም ነገር ይህ ነው» ብሎ ይለያል።

ወደዚህ ሥራ የሚገባ ሰው ታዲያ ምን ይማራል? ቋንቋ ዋናው ነው። ዜናው በብዛት የሚመጣው በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ነው። ለምሳሌ ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ካርቱም ያለችውን ከምንጩ ይሰማል፤ የማያውቅ በአስተርጓሚ ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራም መተርጎም ነው። ዓመት ሙሉ ሌሎች የጻፉትን ወደ አማርኛ ሲመልስ ይኖራል። ይሰለቻል፤ ሆኖም የአገሮችን ስም፣ የመሪዎችን ጠባይና የጠብ ሁሉ ሥር የሚያውቀው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጉባኤ የሚላከው።

ከአገር ወጥተው ይህን ሥራ የሚሠሩም አሉ። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ በአማርኛ መናገር የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ድምፅም በአማርኛ ይናገር ነበር፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የጣቢያው ሥራ ሲታገድ ለብዙ ዓመት የለመደው ሰው ድንገት ዝምታ ሰማ። በጀርመን ድምፅ ነጋሽ መሐመድ «ማኅደረ ዜና» በሚባለው ሳምንታዊ ዝግጅቱ ለብዙ ዓመታት የዓለምን ጠብና ዕርቅ ሲተርክ ቆይቷል። ማኅደር ማለት የመጽሐፍ መያዣ ነው። ዝግጅቱም እንደ ስሙ ነው። ዛሬ የሆነውን ይናገርና ከማኅደሩ የትናንቱን አውጥቶ ያስረዳል። ከአገር ርቆ የሚሠራ ጋዜጠኛ ጉዳቱ ነገሩን በዓይኑ አለማየቱ ነው። ጥቅሙ ደግሞ የአገር ቤቱ ሹም ስልክ ደውሎ «ይህን በል» ለማለት እንደልቡ አለመሆኑ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ዜናው መንገዱን ይለውጣል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ለፋሲካ በግና ዶሮ ስንገዛ በዋልንበት በቅዳም ሥዑር፣ ካርቱም ላይ ሁለት የሱዳን ጦሮች እርስ በርሳቸው መዋጋት ጀመሩ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ጋዜጠኛ መግባት አልቻለም፤ መግለጫ የሚሰጥ ባለ ሥልጣንም ጠፋ። ያን ጊዜ ሰው በእግርና በመኪና በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ጎረፈ። ሱዳናዊው፣ ካርቱም ሠርቶ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊ፣ የሌላም አገር ሰው ነበረበት። የጦርነቱ ወሬ ከእነሱ ጋር ገባ። የአዲስ አበባውም የውጭ አገሩም ጋዜጠኛ ስልኩን አንሥቶ መተማ ደወለ።

እንዲህ ባለ ቀን ደህና ጋዜጠኛ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ ብቻ አይደለም። «አንተ ራስህ አየህ ወይስ ሰማህ? ስንት ሰዓት ላይ? የቆምህበት ቦታ የት ነው?» ይላል። አንድ ሰው የነገረውን ለሌላ ሰው ደውሎ ያመሳክራል። ሁለቱ ካልገጠሙ ሦስተኛ ይፈልጋል። ማታ በሬዲዮ «አንድ የዓይን ምስክር እንደገለጹልን» ሲል የምንሰማው እንዲህ የተገኘውን ቃል ነው። ምስክሩ የመተማ ነጋዴ ወይም የገለጉ ገበሬ ሊሆን ይችላል። ስሙን የማይጠራው ግን ንቆት አይደለም። ያ ሰው ነገም ሰሊጡን የሚያጭደው እዚያው ድንበሩ ላይ ስለሆነ ነው።