ፊደላችንና የኮምፒዩተር ቁልፍ

የአማርኛ ፊደል ዋና ዋናው ሠላሳ ሦስት ነው። እያንዳንዱም ሰባት መልክ ስላለው 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩበት ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በኮምፒዩተር ኪቦርድ ላይ ያሉት የላቲን ፊደል ቁልፎች ግን 26 ብቻ ናቸው። ታዲያ ይህ ሁሉ ፊደል በዚያ ጠባብ በር እንዴት ያልፋል?

ዘዴው ቀላል ነው። በድምፅ በሚሠራው አጻጻፍ የኤል ቁልፍ ሲመታ «ል» ይወጣል፤ የዩ ቁልፍ ሲከተለው «ሉ»፣ የኦ ቁልፍ ሲከተለው «ሎ» ይሆናል።

ቀድሞ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ ለፊደላቱ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት አይነበብም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የታወቀ ስፍራ ከሰጠው ወዲህ ይህ ችግር እየቀለለ ሄዷል።

ዛሬ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ በመሆኑ፣ አንደኛው በአንድ ምት ሲገኝ ሌላው ብዙውን ጊዜ ደግሞ በመምታት ወይም ሺፍት በመጫን ይገኛል። የቸኰለ ጸሐፊም የቀረበውን ይመታል። ይሁን እንጂ በግዕዝ «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ሲሆን «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፤ «ሰአለ» ለመነ ማለት ሲሆን «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ ማለት ነው።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። የሚፈርደው ግን የሊቃውንት ምክር እንጂ የጣት ስንፍና መሆን የለበትም እንላለን። ስለዚህ ኪቦርድ የሚያስተምሩ ሁሉ ከፍጥነቱ አስቀድመው የፊደሉን ቦታ ያስተምሩ።