የሻርክ ጥርስ የሚለቀምባት ሜሪላንድ

ሜሪላንድ በካርታ ላይ ስትታይ ቅርጿ ግራ ያጋባል። ሃንኮክ የምትባል ከተማ አጠገብ ከሰሜን እስከ ደቡብ ያላት ስፋት ሁለት ማይል እንኳ አይሞላም፤ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ትሰፋና የቼሳፒክ ወሽመጥ መሀሏን ሰንጥቆ ይገባል። በአንዱ ጫፏ አትላንቲክ ውቅያኖስ አለ፤ በሌላው ጫፏ በክረምት በረዶ የሚከመርባቸው የአፓላቺያን ተራሮች ቆመዋል። ብዙ አበሻ የሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሁለቱ መካከል ናት። ያም ሆኖ ቅዳሜ ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄደው ወይ ሞል ነው፣ ወይ የዘመድ ልጅ ልደት።

ለልጅ ከሁሉም የሚጥመው መዋያ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው ባይ ነኝ፤ በገዛ እጁ አንድ ነገር ፈልጎ የሚያገኝበት ቦታ ማለቴ ነው። ከዚህ አንጻር በስቴቱ ውስጥ ካልቨርት ክሊፍስን የሚያህል አላየሁም።

ካልቨርት ክሊፍስ ስቴት ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያስኬዳል። መኪናውን አቁሞ በጫካ ውስጥ 1.8 ማይል፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር መሄድ ግድ ነው። መንገዱ ሜዳማ ስለሆነ የስድስት ዓመት ልጅ ይችለዋል፤ ጋሪ የሚገፋ ግን ይቸገራል። መጨረሻው ላይ ዛፉ ይከፈትና ጠባብ የአሸዋ ዳርቻ ይመጣል፤ በጎኑ ገደሉ ይታያል።

ይህ ገደል ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ነው። በዚያ ዘመን የደቡብ ሜሪላንድ ምድር ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ተሸፍኖ ነበር፤ ሻርኮችና ዓሣ ነባሪዎች ይዋኙበት ነበር። የሻርክ አጽም ለስላሳ ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል፤ ጥርሱ ግን ጠንካራ ነው። አንድ ሻርክ ደግሞ እስኪሞት ድረስ ጥርሱ እየወለቀ በሌላ ስለሚተካ በሺህ የሚቆጠር ጥርስ ይጥላል። እነዚያ ጥርሶች በጭቃው ተቀብረው፣ ማዕድን ሰርጎባቸው ወደ ድንጋይነት ተለወጡ። ዛሬ ዝናቡና ማዕበሉ ገደሉን ሲሸረሽሩት ይወጡና ዳርቻው ላይ ይበተናሉ።

ፍለጋው ቀላል ነው። ውኃው ሲጎድል፣ ማዕበሉ ጠጠር ደርድሮ ከሚተወው መስመር ላይ አጎንብሶ ማየት ነው። ጥርሱ ጥቁር ወይም ግራጫ ነው፤ ከጠጠሩ የሚለየው በአንጸባራቂነቱና በሦስት ማዕዘን ቅርጹ ነው። አብዛኛው ከጣት ጥፍር አይበልጥም። ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ጥርሱ የአዋቂ መዳፍ ያክላል፤ እሱን የሚያገኝ ግን ዕድለኛ ነው፤ ለልጆቹ አስቀድሞ ቃል መግባት አያስፈልግም። ልዩ ዕቃ መግዛትም አያስፈልግም፤ ከወጥ ቤት የፓስታ ማጥለያውን ይዞ መሄድ ይበቃል። አሸዋውን ከውኃው ጋር ዝቆ ሲያንገዋልሉት ጠጠሩና ጥርሱ ይቀራሉ። ዳርቻው ላይ የተገኘውን ወደ ቤት መውሰድ ይፈቀዳል። ገደሉን መቆፈርም ሆነ ከሥሩ መሄድ ግን ክልክል ነው፤ ይህ ለወጉ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ አፈሩ በድንገት ይናዳል። ከጫካው ሲወጡ የልጆቹን እግርና አንገት ለመዥገር መፈተሽም አይረሳ።

ራቅ ብሎ መሄድ ለሚፈልግ አሳቲግ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ በቤይ ብሪጅ ተሻግሮ የሚደረስበት 37 ማይል ርዝመት ያለው ቀጭን የአሸዋ ደሴት ነው። ፈረሶች ያለ ባለቤት ውቅያኖሱ ዳር ይንጎራደዱበታል። ከሰመጠ የስፔን መርከብ ዋኝተው የወጡ ናቸው የሚል ተረት አለ፤ ታሪክ አጥኚዎች ግን በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብር ለመሸሽ ከብቶቻቸውን ደሴቱ ላይ ያሰማሩ ባለ እርሻዎች የተዉአቸው ናቸው ይላሉ። ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ የሰው ጠባይ አለው። ፈረሶቹን ያየ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሁሉም አርግዘዋል እንዴ?» ብሎ ነው። ሆዳቸው የተነፋው ጨዋማ ሣር ስለሚበሉና ብዙ ውኃ ስለሚጠጡ ነው። ማብላትም መንካትም የተከለከለ ነው፤ ቢያንስ 12 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል፤ ይራገጣሉ፣ ይናከሳሉ። በበጋ ደግሞ ከፈረሱ ይልቅ ቢንቢው ያስቸግራል፤ መስከረም ይሻላል።

ባልቲሞር ብዙ ሰው የሚያውቃት ስለሆነች አልቆይባትም። በ1981 የተከፈተው ናሽናል አኳሪየም ያምራል፤ ለአምስት ሰው ትኬት ሲቆረጥ ግን ኪስን ይጎዳል። ባቡር ለሚወድ ልጅ የቢ ኤንድ ኦ የባቡር ሙዚየም ይመረጣል። የአሜሪካ የመንገደኞች ባቡር ታሪክ የጀመረው ሙዚየሙ ካለበት መስመር ነው። በ1830 «ቶም ተም» የተባለች ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ከፈረስ ጋር እንደተወዳደረች ይነገራል፤ እየመራች ሳለ ቀበቶዋ ወልቆ ፈረሱ አሸነፈ።

ቅርብ የሚሻ ወደ ግሌን ኤኮ ፓርክ ይሂድ። በ1921 የተተከለ፣ በእጅ የተቀረጹ የእንጨት እንስሳት የሚሽከረከሩበት መጫወቻ ሞቃቱ ወራት ላይ ይሠራል። ፈረስ ብቻ አይደለም፤ ጥንቸል፣ ሰጎን፣ ቀጭኔና አንበሳም አለው። ትንንሾቹ ጥንቸሏ ላይ ለመቀመጥ ይሻማሉ። ለትልልቆቹ ግን ሌላ የሚነገር ነገር አለ። ይህ ፓርክ ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ነበር። በ1960 በጋ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች መጥተው በእነዚሁ እንስሳት ላይ ተቀመጡ፣ አንወርድም አሉ፣ ታሰሩም። የአካባቢው ነጭ ነዋሪዎችም አብረዋቸው በር ላይ ተሰልፈው ተቃወሙ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ለሁሉም ተከፈተ። አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ይህንን ሰምቶ ሲሳፈር የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ወላጅ መልስ አዘጋጅቶ ቢሄድ ይበጃል።

የቼሳፒክ ዳር ሰዎች የሚኮሩበት ሌላ መዝናኛ ሸርጣን ማጥመድ ነው። የዶሮ አንገት በሲባጎ ታስሮ ውኃ ውስጥ ይወርዳል፤ ሲባጎው ሲወጠር ቀስ ብሎ ይሳባል፣ ሌላው ሰው ከሥር በመረብ ይቀልበዋል። ቶሎ ከተሳበ ሸርጣኑ ይለቃል፤ ልጆቹን ትዕግሥት የሚያስተምረው ይኼ ነው። በብዙ አበሻ ቤት ሸርጣን ለማዕድ አይቀርብም፤ ግን ማጥመዱን አያስቀርም። ሴቶቹንና ትንንሾቹን ወደ ውኃው መመለስ ለሚበላውም ሰው ሕግ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁሉንም እንመልሳለን።

ወደ ምዕራብ፣ ጋሬት ካውንቲ፣ ስዋሎው ፎልስ የሚባሉ ፏፏቴዎች አሉ፤ ከነሱ አንዱ 16 ሜትር ይወርዳል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ማደር ያስፈልጋል።

ስቴት ፓርኮቹ ውስጥ የቆሻሻ መጣያ አይቀመጥም፤ የበሉበትን ፌስታልና ጠርሙስ ይዞ መመለስ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ሰዓት መከበር አለበት። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ፓርኪንጉ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ ምሳውን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ከሰሉን ጭኖ እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ቤተሰብ ከበሩ ይመለሳል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ነው መፍትሔው፤ እሑድ ለሚያስቀድስ ሰው ቅዳሜ ይሻለዋል።