የአባዬ ጽሑፍ፣ አሮጌው ዊንዶውስና አዲሱ ላፕቶፕ

በብዙዎቻችን ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አይጠፋም። ዳንቴል ለብሶ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አለዚያም በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ቢሸጥ ዋጋ አያወጣም፤ ለቆራሌው ለመስጠት ደግሞ ልብ እሺ አይልም። እኔ ግን ዛሬ ማውራት የምፈልገው ስለ ዕቃው ሳይሆን በውስጡ ስለተቀመጠው ነገር ነው።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በ1996 ዓ.ም. አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው የቤተሰባችንን ታሪክ መጻፍ ጀመሩ። የዘር ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ የተበተኑ ዘመዶቻችን ማን የት እንደደረሰ እየጠየቁ፣ ወደ ሁለት መቶ ገጽ ጻፉ። ከዚያ ዓይናቸው ታመመና ሥራው ተቋረጠ። ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና አድርገው ማየት ሲጀምሩ ግን የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ጽሑፌ የት ደረሰ?» የሚል ሆነ።

ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠን በልጄ አዲስ ላፕቶፕ ከፈትነው። የወጣው አማርኛ አልነበረም፤ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ነው። ያሳየነው ባለሙያም «ተበላሽቷል፣ አይነበብም» አለን። አባዬ ምንም አልተናገሩም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጓዳ ገቡ።

ፋይሉ ግን አልተበላሸም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል የሚያውቀው በቁጥር ነው። በቀድሞው አሠራር አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ሲሆን ከዚያም የተወሰነው አስቀድሞ የተያዘ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ሲበዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ በአንድ ፎንት አይበቃቸውም። ስለዚህ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ መጻፊያዎች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ቦታ እየተኩ ይሠሩ ነበር። አደራደሩም ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው ይለያያል። ፊደላችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የቀድሞዎቹ መጻፊያዎች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየቢሮውና በየቤቱ ሠርተዋል። እንዲህ የተጻፈ ፋይል የራሱን ፎንት ሲያጣ የሚያሳየው ያንን የላቲን ክምር ነው።

ለማንበብ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የድሮውን ፎንት አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይበቃል። አባዬ ግን የጀመሩትን መጨረስ፣ ማረምና መጨመር ነው የፈለጉት፤ ያውም በለመዱት መጻፊያ። እሱ ደግሞ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ አልጫንም አለ። የዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በጣም የቆዩትን ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች ጭራሽ አይቀበልም፤ ሌሎቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ አይስማሙትም።

ታዲያ ላፕቶፑን ወደ ዊንዶውስ ኤክስፒ ብንመልሰውስ? ይህን የመከሩን ነበሩ፤ ልጄ ግን አልተስማማም። ኤክስፒ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የዛሬውን ዋይፋይ፣ ስክሪንና ዲስክ አያውቃቸውም፤ የሚያስተዋውቁት ድራይቨሮችም አልተሠሩለትም። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ላይ የማይክሮሶፍት ድጋፍ መቋረጡ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ በመደበኛነት የሚደፍነው የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያውክ፣ ማይክሮሶፍት ለተወው ለኤክስፒ ጭምር ልዩ መድፈኛ ለማውጣት ተገዷል። እንዲህ ያለውን ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ የባንክ ሒሳብ መክፈት የግቢን በር ከፍቶ እንደማደር ነው።

ልጄ የመረጠው ቨርቹዋል ማሽን የሚባለውን መንገድ ነው። በሰፊ ግቢ ውስጥ እንዳለ ሰርቪስ ቤት አስቡት። የራሱ በርና መስኮት አለው፤ መብራቱና ውኃው ግን የሚመጣው ከዋናው ቤት ነው። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፑ ውስጥ እንዲህ ያለ ክፍል ይሠራል። አሮጌው ዊንዶውስ እዚያ ሲገባ በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ ያለ ይመስለዋል፤ አዲሱ ዊንዶውስም ሳይነካ ሥራውን ይቀጥላል። የኤክስፒ ሲዲና ቁልፍ ቁጥሩ ከአባዬ መጻሕፍት መካከል ተገኙ። ልጄ 512 ሜጋባይት ሜሞሪና 10 ጊጋባይት ዲስክ መደበለት፤ ለኤክስፒ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የኔትወርክ መስመሩን ግን ዘጋው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የተሠራው ሥራ ግን አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ሙሉውን በሁለት ቦታ መገልበጥ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ። አሮጌ ኮምፒውተር ለጥገና ስትሰጡ መጀመሪያ «ፎርማት እንዳታደርገው» በሉ። ዲስክ ያረጃል፤ አንድ ቀን ዝም ብሎ አልነሣም ሊል ይችላል።

ሰማያዊው ሰማይና አረንጓዴው ኮረብታ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ አባዬ ፈገግ አሉ። መጻፊያው ተከፈተ፤ ጽሑፉም በአማርኛ ወጣ። እኔም ሳነብ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው አንድ ገጽ አገኘሁ። በ1977 ዓ.ም. ታናሽ እኅታቸውን ፍለጋ የዞሩባቸው መጠለያዎች፣ ያነጋገሯቸው ሰዎች ስም፣ የተመለሱበት ቀን። «ለምን አልነገሩንም?» ብላቸው «ለመናገር ስለከበደኝ ጻፍኩት» አሉኝ። ፋይሉ ተበላሽቷል ተብሎ ቢጣል ኖሮ ያ ገጽ አብሮ ይቀር ነበር።

አሁን ከሰዓት በኋላ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። አባዬ በአሮጌው መጻፊያ ይጨምራሉ፤ ልጄ ያለቀውን ምዕራፍ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያዞራል። መቀየሪያው አንዳንድ ፊደል ስለሚያሳስት ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አያት ያርማሉ። በዚህ ምክንያት ልጄ የዘመዶቹን ስም እስከ ሰባት ቤት ሊያጠናቅቅ ነው። የታረመው ፎንቱን አብሮ በያዘ ፒዲኤፍ ይቀመጣል፤ በወረቀትም ይታተማል። ሰርቪስ ቤቱ ለጊዜው የሚሠራበት እንጂ ዕድሜ ልክ የሚኖርበት አይደለም።

ይህ የአዛውንቶች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዊንዶውስ 10 እንኳ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዛሬ የምናስቀምጠው የልጆቻችን ፎቶና ደብዳቤም ነገ የሚከፍተው ሊያጣ ይችላል።

በቤታችሁ የጻፈ አባት፣ እናት ወይም አያት ካለ ሳይውል ሳያድር ሦስት ነገር ጠይቁ። በየትኛው ፕሮግራም ነው የጻፉት? ሲዲውና ፎንቱ የት ነው? የይለፍ ቃሉስ ምንድን ነው? መልሱን ደብተር ላይ ጻፉት። ማሽኑን ባለሙያ ይጠግነዋል፤ ይህን የሚያውቁት ግን እነሱ ብቻ ናቸው።