ስለ ውሻ ብዛትና ስለ ባለቤትነቱ

አንድ ቤተ ሰብ ስንት ውሻ ሊይዝ ይገባዋል? በሌሎች አገሮች ለዚህ ጥያቄ መልስ ተሰጥቶበታል። በ2003 እ.ኤ.አ. በቤይጂንግ የወጣው ደንብ በከተማው ዋና ዋና ክፍሎች ለአንድ ቤት አንድ ውሻ ብቻ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ደንብ በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ቢወጣ ምን ይጠቅማል ብለን ለመመርመር አሰብን።

አስቀድሞ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። «የቤት እንስሳ» ስንል ላሚቱም፣ በሬውም፣ ዶሮዋም ይገቡበታል። ለጨዋታ ብቻ የሚቀለብ እንስሳ በገጠራችን እምብዛም አይታወቅም፤ ድመት ጎታውን ከአይጥ፣ ውሻ በረቱን ከጅብ ይጠብቃል። ስለዚህ በጎችና ፍየሎች ያሉትን የሀብሩ ገበሬ «ሁለተኛውን ውሻህን አስወግድ» ማለት የሌሊት ዘበኛውን መንጠቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ እንስሳት ሲናገር ቍጥራቸውን አይወስንም፤ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነው። በ2071ኛው አንቀጽ መሠረት እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆን፣ ባለቤቱ ኀላፊ ነው። ቀጥሎ ግን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ የለማዳ እንስሳ ባለቤት ጥፋት ከሌለበት፣ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው አስረክቦ ከዕዳው ሊወጣ ይችላል። በሬ የወጋው ሰው በሬውን ቢረከብ ይጠቅመው ይሆናል፤ ውሻ የነከሰው ግን ውሻውን ተረክቦ ምን ያደርገዋል?

በከተማ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። በሥጋ ቤት ደጃፍ ማለዳ የሚታየው ውሻ በአንድ ቤት ይበላል፣ በሌላው ያድራል፣ በሦስተኛው ስም ይወጣለታል። በማን ቤት ይቈጠራል? ቍጥር የሚወስን ደንብ ቢመጣ ሁሉም «የእኔ አይደለም» ማለቱ አይቀርም፤ እንግዲህ ደንቡ ውሻን ከመቀነስ ይልቅ ባለቤትን ይቀንሳል ማለት ነው።

ይህ ነገር የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ከመቶ 99 እጁ በውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም የሚድን ከቶ የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ሳይዘገይም ክትባት መጀመር አለበት። ባለቤቱ ከታወቀ ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል፤ በዚያ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቈየ፣ ሲነክስ በሽታውን የሚያስተላልፍ አልነበረም ማለት ነው። ከውሾች 70 በመቶ ቢከተቡ ደግሞ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል። ለክትባት ውሻውን በገመድ ይዞ የሚመጣው ግን «የእኔ ነው» ያለ ሰው ብቻ ነው። እኛ ደንብ እናውጣ ብንባል፣ ከቍጥሩ በፊት የእያንዳንዱ ውሻ ባለቤትና የተከተበበት ቀን እንዲመዘገብ፣ መዝገቡም ያለ ክፍያ እንዲሆን እንጠይቃለን። ክፍያ ካለበት ውሻው እንደገና ባለቤት አልባ ይሆናል።

ገና ትምህርት ቤት ሳለን በመርሳ አንድ ሕፃን ተነከሰ። የነከሰውን ውሻ ሰፈሩ ሁሉ «መቻል» እያለ የሚጠራው አንድ ጎረቤት ሰጥቶት በነበረው ስም ነው። የልጁ እናት «ወንድሜ፣ ውሻህን እሰርልኝና ይታይልኝ» ብትለው፣ ሰውዬው «እኔ ውሻ የለኝም» አላት። ከሰዓት በኋላ ልጆች ውሻውን በድንጋይ ገደሉት፤ ታሞ እንደ ነበረ ወይም እንዳልነበረ የሚያውቅ ሳይገኝ ቀረ። ሕፃኑ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ወስዶ ዳነ፤ እናቱ ግን ወራት ሙሉ ውሃ በሰጠችው ቍጥር ይጠጣ እንደ ሆነ ፊቱን ትመለከት ነበር።