ሽቶ በቤታችን፤ አደስን በዘይት እንዴት እናወጣለን?



በዚህ እትም የምናወራው በቤት ስለሚሠራ ሽቶ ነው። «ሽቶ ከሱቅ ይገዛል እንጂ ቤት ይሠራል ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ብዙዎቻችሁ ግን ሽቶ ሳትሉት ሠርታችሁታል። አገር ቤት እናቶች የደረቀ አደስ ወቅጠው፣ ነፍተው፣ ከለጋ ቅቤ ጋር ለውሰው ጸጉራቸውን ይቀቡ ነበር። ያ እኮ ሽቶ ነው።

እኔ የተወለድኩት እዚሁ እስራኤል ነው። ልጅ ሳለሁ አያቴ ቅቤና አደስ ተቀብተው ከትምህርት ቤት ሊወስዱኝ ሲመጡ፣ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አፈርኩ። ቤት ስንገባ «ሁለተኛ እንዳይቀቡ» አልኳቸው። አያቴ ምንም አልመለሱልኝም፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልተቀቡም። ካደግሁ በኋላ፣ አንድ ቀን «አሠራሩን ያስተምሩኝ» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ደግሞ ልታፍሪብኝ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ግን አብረን ሠራን። እዚህ አገር በበጋ ሙቀት ቅቤ ቶሎ ስለሚበላሽ፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት አደረግን።

ዘይቱ ሽታውን እንዴት ይይዛል?

የቅጠል መዓዛ የሚመጣው በውስጡ ካለው ቅባት ነው። ይህ ቅባት ከውሃ ጋር በደንብ አይዋሃድም፤ ከቅቤ፣ ከዘይትና ከአልኮል ጋር ግን ይዋሃዳል። በፈረንሳይ አገር በግራስ ከተማ የነበሩ ሽቶ ሠሪዎችም የጃስሚን አበባ በሞራ ላይ እየደረደሩ መዓዛውን ያወጡ ነበር። የእናቶቻችን ዘዴም ይኸው ነው። የሱቅ ሽቶ ብዙውን ጊዜ በአልኮል ይሠራል። አልኮል ግን ቆዳ ያደርቃል፣ እሳትም ቶሎ ይይዛል። ለእኛ ዘይት ይሻለናል።

አደስ ከየት ይገኛል?

አደስ በዕብራይስጥ «ሀዳስ» ይባላል። በመጸለት (ሱኮት) በዓል ከሉላቭ ጋር የሚታሰረው ቅጠል እሱ ነው። ከችግኝ መሸጫ ገዝታችሁ በረንዳ ላይ በማሰሮ ልትተክሉት ትችላላችሁ። ከመንገድ ዳር ወይም ከሰው አጥር አትቁረጡ፤ ለበዓል የተገዛውንም ለሽቶ አታድርጉት። መድኃኒት ተረጭቶበት ሊሆን ይችላል። አደስ ካላገኛችሁ የጥብስ ቅጠል ወይም ላቬንደር ይሆናል።

አሠራሩ

1. ቅጠሉን አጥባችሁ በጥላ ውስጥ ከ1 እስከ 2 ሳምንት አድርቁት። በደንብ ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይሻግታል።
2. የደረቀውን ቅጠል በእጅ ሰባብሩ ወይም በትንሹ ውቀጡ።
3. ንጹሕና ደረቅ የሆነ የመስታወት ዕቃ እስከ ግማሹ በቅጠሉ ሙሉ።
4. ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ እስኪሸፈን ዘይት ጨምሩ። የጆጆባ ዘይት ጥሩ ነው፤ እዚሁ አገር በኔጌቭ ይመረታል፣ ቶሎም አይበላሽም። የለውዝ አለርጂ ለሌለበት ሰው የአልሞንድ ዘይትም ይሆናል። የወይራ ዘይት የራሱ ሽታ ስላለው የአደሱን ይሸፍናል።
5. ከድናችሁ ፀሐይ በማይነካው ቦታ 4 ሳምንት አስቀምጡ። በየቀኑ አንዴ ወዝውዙት። እሳት አያስፈልግም።
6. በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉና ጠቆር ባለ ብልቃጥ ቅዱት። ጠንከር ያለ መዓዛ ከፈለጋችሁ፣ በዚያው ዘይት ላይ አዲስ ደረቅ ቅጠል ጨምራችሁ እንደገና አቆዩት።

አንድ ጠብታ በእጅ አንጓና በአንገት ላይ ይበቃል። የቤት ሽቶ እንደ ሱቁ አይጮህም፤ ቀረብ ላለ ሰው ብቻ ነው የሚሸተው። ሽታው ከተለወጠና ያረጀ ዘይት ከሸተተ ጣሉት።

እባካችሁ እነዚህን ልብ በሉ

• መጀመሪያ በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብታችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ከቀላ ወይም ካሳከከ አትጠቀሙበት።
• ጤና አዳም ሽታው ደስ ቢልም ለዚህ ሽቶ አይሆንም። ቆዳ ነክቶት ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል። የሎሚ ልጣጭም እንደዚሁ።
• በትንንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን የተክል ዘይት (በዕብራይስጥ ሸመን ኤቴሪ) እንዳለ ቆዳ ላይ አታድርጉ። በ2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውስጥ ከ10 ጠብታ አይብለጥ።
• ልጅ ከጠጣው ሊመርዘው ይችላል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ሳትቆዩ ለማዳ በ101 ደውሉ።
• የአልኮል ሽቶ ከተቀባችሁ የሰንበት ሻማ አጠገብ አትቅረቡ።
• አስም ያለበት ሰው ቤት ካለ ሽቶ አትቀቡ። ሽቶ መድኃኒትም አይደለም፤ ቁስል ላይ አይደረግም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዕድሜ ሲገፋ የማሽተት አቅም ይቀንሳል። «ዛሬማ ሽቶው አልሸተተኝም» ብላችሁ ስትደጋግሙ ለሌላው ይበዛበታል። ይልቁንም ቡናው፣ የተበላሸ ምግብ ወይም ጋዝ መሽተት ካቆመባችሁ ዝም አትበሉ። በኩፓት ሖሊም ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ንገሩ።

በመጨረሻም፣ ሽቶውን ስትሠሩ የልጅ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ቅጠሉን ይሰባብር፤ የተሠራበትን ቀን በዕብራይስጥ ጽፎ ብልቃጡ ላይ ይለጥፍ። እናንተ ደግሞ «ይኼ አደስ ይባላል» በሉት። ቢያፍር ወይም ቢስቅ ተስፋ አትቁረጡ። እኔም አፍሬ ነበር።