የልጅ ታይሮይድ በአዋቂ መለኪያ አይነበብም

የ7 ዓመቱ ልጄ የደም ምርመራ ወረቀት ላይ፣ «ቲኤስኤች» ከሚለው አጠገብ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ታትሟል። የልጁ ውጤት 4.8፣ ወረቀቱ ጤናማ ያለው ጣሪያ 4.2 ነው። እናቴ እንቅርት ስላለባት ጉዳዩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ያን ዕለት ቡናው የተጠጣው «በዘር የመጣ ነው»፣ «የለም፣ አይደለም» በሚል ክርክር ነበር።

የሕፃናት ሐኪሟ ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ዓምና ቁመቱ ስንት ነበር?» ብላ ነው። በዓመቱ 6 ሴንቲ ሜትር አድጓል። በወረቀቱ ላይ ያለው ጣሪያ የአዋቂ መሆኑን ነገረችኝ፤ በልጅነት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። «ቲ ፎር» የተባለው ሆርሞንም ደህና ስለሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ይደገም ብላ ያለ መድኃኒት ሸኘችን።

ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ወደ ታይሮይድ ዕጢ የሚላክ «ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሕፃን በተወለደ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይህ ትእዛዝ ከአዋቂው ከ10 እጥፍ በላይ ይጨምርና በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ብዙ አገሮች ከሕፃኑ ተረከዝ ጠብታ ደም ወስደው የሚመረምሩት ከ2ኛው ቀን በኋላ የሆነውም ለዚህ ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ዕጢው በአግባቡ ሳይሠራ ይወለዳል። መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ከጀመረ አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያድጋል፤ ከዘገየ ግን የደረሰው ጉዳት አይመለስም። በእኛ አገር ይህ ምርመራ ለእያንዳንዱ ሕፃን ስለማይደረግ የቤተሰብ ዓይን ያስፈልጋል። ከ2 ሳምንት ያለፈ የዓይንና የቆዳ ቢጫነት፣ የሆድ ድርቀት፣ ጡት ለመጥባት መድከም፣ የማይነቁበት እንቅልፍ ካዩ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አያቶች «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያለቅስም» ስንል ደስ ይለናል የሚሉትን ነገር እዚህ ላይ ብጠራጠር ይቅር ይበሉኝ።

ቁጥሩ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ እየወረደ በጉርምስና ማብቂያ ከአዋቂው ጋር ይቀራረባል። በዚያው ዕድሜ ሌላ ችግር ይመጣል፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ ያጠቃል። ይህ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ልጆች ላይ ይበዛል። ልጅቷ ቁመቷ ይቆማል፣ ይበርዳታል፣ ትደክማለች፣ የወር አበባዋ ይዘገያል። የትምህርት ውጤቷ ላይወርድ ስለሚችል «ዕድሜዋ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በየልደቱ በር ላይ በእርሳስ የሚደረግ የቁመት ምልክት እዚህ ላይ ትልቅ መረጃ ነው።

ዕጢዋ የምትሠራው በአዮዲን ነው። የቀን ፍላጎቱ እስከ 5 ዓመት 90 ማይክሮግራም፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት 120፣ ከዚያ በላይ 150፣ ለነፍሰ ጡር 250 ነው። ስለዚህ አዮዲን ያለው የታሸገ ጨው ይግዙ፤ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጡት፤ ወጡ ላይ የሚጨምሩትም ሊወርድ ሲል ይሁን።