መመሪያው ያልደረደረው እርምጃ

ሲሪንቃም መርሳም ስመጣ፣ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነውና ያውቃል ብላችሁ «ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ አውሮፕላን አብራሪዎች መመሪያውን አልተከተሉም እንዴ?» ትሉኛላችሁ። ዋናውን እርምጃ ወስደዋል። እኔን የሚከነክነኝ የመመሪያው አጻጻፍ ነው።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. የላየን ኤር ቦይንግ ማክስ አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ውስጥ ከወደቀ በኋላ ቦይንግ ማሳሰቢያ አወጣ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የደፈቀውን ኤምካስ የተባለ የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ግን በስሙ አልጠራውም። ማሳሰቢያው የጭራውን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አቋርጡ ይላል። ከማቋረጥ በፊት በዚያው ኤሌክትሪክ የመሪውን ጫና ማቅለል እንደሚቻል የሚናገረው ግን «ማስታወሻ» በሚል ሥር ነው። መሪው እየተንቀጠቀጠ፣ ማስጠንቀቂያው እየጮኸ ማስታወሻ ማን ያነባል?

በቢሾፍቱው በረራ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን፣ የጭራው ክንፍ አፍንጫውን ወደ ታች በሚደፍቅ አቅጣጫ እንደተዛነፈ ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ። ሞተሮቹ በመነሻ ጉልበት ላይ ስለቆዩ ፍጥነቱ ከፍ ብሏል (ይህም መነገር አለበት)፤ ክንፉን ያለ ኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው የእጅ መዘውር አልዞር አለ። መረጃ መቅጃው እንደሚያሳየው ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስ ዳግም ደፈቀው። አውሮፕላኑ በተነሣ በስድስት ደቂቃ 157 ሰው አለቀ።

ማክስ በ2013 ዓ.ም. ዳግም እንዲበር ሲፈቀድ፣ ጫናውን የማቅለሉ ሥራ ከማቋረጡ በፊት ራሱን የቻለ እርምጃ ሆኖ ተጻፈ።